ፒያኖ ስታስተምሩ ከጥቁሮቹ ቁልፎች ጀምሩ

ጅማ ውስጥ ኪቦርድ በመጫወትና በማስተማር ነው የምኖረው። ቅዳሜና እሁድ ሰርግ፣ በአዘቦት ቀን ከሰዓት በኋላ ተማሪ። ሰሞኑን አንድ ወጣት ኪቦርዲስት ቤት ድረስ መጥቶ "ጋሼ፣ እኔም ማስተማር ልጀምር ነው፤ ከየት ልነሳ?" አለኝ። ለሱ የነገርኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

በመጀመሪያው ቀን ኖታ አታውጡ። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ኖታ በሚጻፍበት በአምስቱ መስመር ነበር የማስጀምረው። ልጆቹ ገና አንድ ዜማ ሳይጫወቱ ይሰለቻሉ፣ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራሉ። ጥፋቱ የኔ ነበር። ልጅ መጀመሪያ ቀን የሚያውቀውን ድምፅ በገዛ እጁ አውጥቶ መሄድ አለበት።

ለዚህ ጥቁሮቹን ቁልፎች የሚያህል የለም። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት እየሆኑ ነው የተደረደሩት። ከሦስቱ የመጀመሪያውን ይዞ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ይምታ። የሚወጣው ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ነው። ነጭ እስካልነካ ድረስ ከቅኝቱ አይወጣም። ሬዲዮ ላይም፣ ሰርግ ላይም ሲሰማው ያደገ ድምፅ ስለሆነ ፊቱ ወዲያው ይበራል። ያንን ፊት ለማየት ስል ነው እስከ ዛሬ የማስተምረው።

ጣቶቹንም ከዚያው አስለምዱ። አውራ ጣት 1፣ ትንሿ 5 ትባላለች። ሦስቱ ጥቁሮች ላይ 2፣ 3፣ 4፤ ሁለቱ ላይ 2 እና 3። ረጃጅሞቹ ጣቶች ከፍ ያለው ቁልፍ ላይ ሲያርፉ እጁ ሳይጨናነቅ ይቀመጣል። ፖላንዳዊው የፒያኖ ሊቅ ሾፓንም ተማሪዎቹን ጥቁር ቁልፍ ከሚበዛበት ከቢ ሜጀር ስኬል ነበር የሚያስጀምራቸው።

ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት ከሠራ በኋላ ከአምስቱ ሦስተኛውንና አምስተኛውን ድምፅ በግራ በኩል ወዳለው ነጭ ቁልፍ አውርዱለት። ትዝታ ማይነር ሆነ። ምንም ሳትናገሩ ሁለቱን አከታትላችሁ ተጫወቱለትና "ምን ተለወጠ?" በሉት። አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ "ሁለተኛው የሄደ ሰው ይጠራል" ብላኛለች። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ሌሎቹ ቅኝቶች፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ይቆዩ፤ ይደርሳሉ። አንድ ነገር ግን ቀድማችሁ ንገሩት፤ ፒያኖ እንደ ማሲንቆ ድምፅ አያንሸራትትም። ጎረቤቱን ቁልፍ ነካ አድርጎ ወደ ዋናው መግባትን ቀስ እያለ ይልመድ።

ለችክችካ ምት እግርና አፍ ይበቃል። እዚህ ልጆቹ ኦሮምኛም አማርኛም ይናገራሉ፤ እኔ "ቶኮ፣ ለማ፣ ሰዲ" እያስባልኩ ነው የማስቆጥረው። ሁለት ጊዜ ሲሉት ስድስት ምት ይሆናል። ግራ እጅ "ቶኮ" ላይ ብቻ ይምታ። ቀኝ እጅ የሚጨመረው ይህ ያለ ሐሳብ ሲመጣ ነው። አትቸኩሉ።

አቀማመጥ። ክርኑ ከቁልፎቹ እኩል ይሁን፣ እግሩ መሬት ይንካ። ኪቦርዱን ምግብ ጠረጴዛ ላይ ካደረጋችሁት የልጁ ትከሻ ይሰቀላል። እኔ ትንንሾቹን የጅማ በርጩማ ላይ አስቀምጬ ኪቦርዱን ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ላይ አደርገዋለሁ።

ብዙዎቹ ቤታቸው ኪቦርድ የላቸውም። ካርቶን አምጡ፣ 33 ሳንቲሜትር ለኩ፣ ለ14 ነጭ ቁልፍ ከፋፍሉት። የእውነተኛው ፒያኖ ሁለት ኦክታቭ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ሰባት ነጭ ቁልፍ ስፋት ነው። ጥቁሮቹን በማርከር ቀቡ። ልጁ ካርቶኑ ላይ እየመታ ዜማውን በአፉ ያዜም። ድምፁን ራሱ ማውጣት ስላለበት ጆሮው ይሠራል። ካርቶን ላይ የለመዱ ልጆች እኔ ጋ ሲመጡ ብዙ ጊዜ ኪቦርድ ካላቸው ይቀድማሉ።

አሁን ስለ ገንዘቡ። የሰርግ ገንዘብ ደስ ይላል፤ ግን አትደገፉት። በሁዳዴ 55 ቀን የኦርቶዶክስ ሰርግ የለም፣ በረመዳን የሙስሊም ሰርግ የለም። በ2017 ዓ.ም. ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ያን ጊዜ የቤት ኪራዬን የከፈሉት ተማሪዎቼ ናቸው። ስለዚህ ተማሪን የትርፍ ሰዓት ሥራ አታድርጉት። ሰርግ ባመሸሁ ማግስት ጠዋት ተማሪ አልይዝም፤ እንቅልፍ ያጣ አስተማሪ ልጅ ላይ ይቆጣል።

በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሠላሳ ሠላሳ ደቂቃ አስተምሩ። ክፍያው በወሩ መጀመሪያ ይሁን። ልጁ ከቀረ ቀኑ ይቆጠራል፣ እናንተ ከቀራችሁ ትተካላችሁ። ይህን መጀመሪያ ቀን ለወላጅ ፊት ለፊት ተናገሩ። ቡና ያለው ወላጅ ቡናው ሲሸጥ ልክፈል ካለ ተስማሙ፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ለቀማ ነው፣ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገባው ከዚያ ወዲህ ነው።

ለሰርግ ግን ያለ ቀብድ አትንቀሳቀሱ። አንድ ጊዜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ድረስ ተጫውቼ "ነገ ና" ተባልኩ። ነገ ስሄድ ስልካቸው ተዘግቷል። ለድምፃዊውና ለሹፌሩ ከኪሴ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ግማሹን በቀብድ፣ ቀሪውን ኬክ ሳይቆረስ እቀበላለሁ። ቅር ያለው ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

አንዳንድ አባት "ሙዚቃ ምን ያደርግለታል?" ይላል። አትከራከሩ። ሙላቱ አስታጥቄ የተወለደው እዚሁ ጅማ እንደሆነ ንገሩት፤ ከዚያ ልጁ ሲጫወት ቁጭ ብሎ እንዲሰማ ጋብዙት።

ክረምት ላይ ኪቦርዱን ሲሚንቶ ወለል ላይ አታሳድሩ። በላስቲክም አትጠቅልሉት፣ እርጥበቱን ያፍነዋል። ነጠላ ወይም አንሶላ ይበቃል። ባትሪ ድንጋይ ሁልጊዜ ቤት ይኑራችሁ፤ የኔ ስድስት ይወስዳል።

መብራት ሲጠፋ ደግሞ ትምህርቱን አታቋርጡ። ሻማም አትፈልጉ። ልጁ በጨለማው ውስጥ እጁን ዘርግቶ ከፍ ከፍ ያሉትን ይዳስስ። ሁለት፣ ሦስት፣ ሁለት፣ ሦስት። የሦስቱን መጀመሪያ ሲያገኝ "አገኘሁት ጋሼ!" ይላል። ከዚያ ይጀምር።