የኋላ ጎሚኒ ሲላላ፦ ከምልክቱ እስከ ቅያሬው

ኩርባ ላይ ነዳጅ ሲለቁ የመኪናው ኋላ ለብቻው ወደ ጎን የሚሳብ ከመሰለ፣ ወይም ሲነሱና ፍሬን ሲይዙ ከኋላ አንዴ "ጓ" የሚል ድምፅ ከተሰማ፣ የብራቾው ጎሚኒ ይጠርጠር። ብራቾ ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዘው የብረት ክንድ ነው፤ ጎሚኒ ደግሞ በመገጣጠሚያው ላይ በውስጥና በውጭ የብረት ቱቦዎች መካከል ያለው ላስቲክ ነው። ዊል አላይመንት (የጎማዎችን አቅጣጫ ማስተካከል) ከተሠራ በኋላም የኋላ ጎማ በአንድ ጠርዙ ብቻ የሚበላ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ግን ሌሎቹን ያጣሩ። የጎማ ነፋስ ማነስም ኋላውን ያዋልላል። ከፍጥነቱ ጋር አብሮ የሚጨምር ጉምጉምታ የኩሽኔታ (ጎማው የሚሽከረከርበት ዕቃ) ነው። በትንንሽ ጉድጓዶች ላይ የሚንኳኳው ብዙ ጊዜ የስታብላይዘር ሊንክ (መኪናው ወደ ጎን እንዳያጋድል የሚይዘው ዘንግ ማገናኛ) ወይም የአሞርዛተር (ንዝረት አብራጅ) ማሰሪያ ነው።

ምርመራው

የፊት ጎማዎቹን በታኮ ይያዙ። መኪናው በጎማዎቹ ላይ እንደቆመ ከሥር ገብተው ረጅም ፌሮ (የብረት ዘንግ) በብራቾውና ብራቾው በብሎን በሚታሰርበት መያዣ መካከል ያስገቡና ቀስ ብለው ይግፉ። ላስቲክ ነውና ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢንቀሳቀስ ችግር የለውም። የሚያሳስበው ብሎኑ ከመሃል ወደ አንድ ጎን ሲሸሽ፣ ላስቲኩ ከብረቱ ሲላቀቅ፣ ወይም ግራና ቀኙ ለየቅል ሲሆኑ ነው። ላዩ ላይ ያሉ ቀጫጭን ስንጥቆች ብቻቸውን ለቅያሬ አያበቁም። ከፋብሪካው ክፍተት ተትቶለት የሚመጣም ጎሚኒ አለ፤ የክፍተቱ ጠርዝ ለስላሳ ስለሆነ ከቅዳጅ ይለያል። ፈሳሽ የሚይዘው ዓይነት ዙሪያውን ካራሰ አለቀለት።

ለምን ይላላል?

ዕድሜና ሙቀት ያደርቁታል፤ የሚንጠባጠብ ዘይት ያሳብጠዋል፤ ዘይቱ ካልቆመ አዲሱም ያው ነው። ቶሎ የሚጨርሰው ግን ብሎኑ የጠበቀበት ሁኔታ ነው። የተለመደው የላስቲክ ጎሚኒ በብሎኑ ላይ አይሽከረከርም። የውስጥ ቱቦው በመያዣው ጆሮዎች መካከል ተጨምቆ ይያዛል፤ ብራቾው ሲወጣና ሲወርድ የሚጠማዘዘው ላስቲኩ ነው። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ ብሎኑ ከጠበቀ፣ መኪናው መሬት ሲነካ ላስቲኩ እንደተጠማዘዘ ይቀራል። እንዲህ የገባ አዲስ ጎሚኒ ቶሎ ይቀደዳል፣ ጥፋቱም በዕቃው ይላከካል።

ቅያሬው

መኪናው መሬት ላይ እያለ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው (ከጎማው በላይ ያለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ያለውን ቁመት ለክተው ይጻፉ። ግራና ቀኙን አብረው ይቀይሩ፤ ራሱን የሚቆልፈው ዳዶም (የብሎኑ ማሰሪያ) አዲስ ይሁን። የአላይመንት ማስተካከያ ብሎን ካለ ያለበትን ቦታ በቀለም ያመልክቱ። የዛገው ላይ የዝገት ማላቀቂያ በዋዜማው ይርጩ።

መኪናውን በካቫሌቶ (የብረት መደገፊያ) ካቆሙት በኋላ ብራቾውን በሌላ ክሪክ ይደግፉ። ሞላው ብራቾው ላይ የተቀመጠ ከሆነ ክሪኩን ቀስ በቀስ ዝቅ ያድርጉ፤ ያለ ድጋፍ ብሎኑ ከወጣ ሞላው ተስፈንጥሮ ሰው ይጎዳል። የፍሬን ቱቦውም እንዳይወጠር ይጠንቀቁ።

አሮጌው ከመውጣቱ በፊት ክፍተቱ ወዴት እንደሚዞር ብራቾው ላይ ጭረው ያመልክቱ፤ አዲሱ በዚያው አቅጣጫ ነው የሚገባው። በፕሬስ አልወጣ ካለ ላስቲኩን ቆርጠው ያውጡና የውጭ ቱቦውን ከውስጥ በኩል በመጋዝ ይሰንጥቁ፤ መጋዙ የብራቾውን ብረት ሳይነካ ያቁሙ። በእሳት ማቃጠሉ ይቅር፦ ጭሱ መርዝ ነው፣ የአሉሚኒየም ብራቾንም ያበላሻል። አዲሱ ሲገባ ግፊቱ የውጭ ቱቦው ላይ ብቻ ይረፍ፤ ውስጡን ከገፉት ገና ሳይሠራ ይቀደዳል። ለማንሸራተት የሳሙና ውሃ ይቀቡ እንጂ ዘይት ወይም ግራሶ አይሁን። ተንጋዶ ከጀመረ ወዲያው ያውጡት።

ብሎኑን መጀመሪያ በእጅ ብቻ ያስገቡ። ብራቾውን በክሪክ ወደ ጻፉት ቁመት ያድርሱና በማኑዋሉ ልክ በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ያጥብቁ። መኪናው ከካቫሌቶው መነሳት ከጀመረ ያቁሙ፤ ጎማውን ገጥመው መሬት ካወረዱት በኋላ ያጥብቁ። ከዚያ ዊል አላይመንት ያሠሩ።

ፖሊዩረቴን ጎሚኒ ጠንካራ ነው፣ ንዝረቱን ግን ወደ ውስጥ ያስገባል። በተለያየ አቅጣጫ መጠማዘዝ ያለበት ብራቾ ላይ ደግሞ እንቅስቃሴውን ሊያግድ ይችላል። ለዕለት ተዕለት መኪና ላስቲኩ ይሻላል።

ድምፁ ከቅያሬው በኋላም ካልጠፋ የብሎኑን ቀዳዳ ይዩ። መያዣው ላይ ያለው ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ ከሆነ ሥራው የብየዳ ነው።