በስኮቺላስ መንገድ የሽማግሌ ፊት በእንጨት ላይ ቀርጾ ማተም

ፖላንዳዊው ሰዓሊና የህትመት ባለሙያ ቭዋዲስዋቭ ስኮቺላስ (እ.ኤ.አ. 1883–1934) ከ1908 ጀምሮ በታትራ ተራሮች ግርጌ በዛኮፓኔ ሥዕል አስተምሯል። የተራራው ሕዝብ የቀረጻቸው የቆዩ የእንጨት ህትመቶች የራሱን መንገድ እንዲያገኝ ረድተውታል። በህትመቶቹ ላይ ሽማግሌዎቹና ሽፍቶቹ ከጥቁር ውስጥ የሚወጡት በጥቂት ነጭ ቁርጦች ነው። በ1925 «ሪት» የተባለውን የህትመት ቀራጮች ማኅበር ከመሠረቱት አንዱ ሲሆን፣ የህትመት ሠዓሊው ታዴዎሽ ኩሊሴቪችም ተማሪው ነበር። ይህን አሠራር ለመማር ከሰው ፊት የተሻለ መነሻ የለም።

15 በ20 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 2 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ቋጠሮ የሌለበት ደረቅ ጣውላ ያዘጋጁ። የፒር ዛፍ እንጨት ቀጭን መስመር ሳይሰበር ይሸከማል። እርጥበቱ ያልወጣ ጣውላ ከተቀረጸ በኋላ ይጣመማል፤ ያኔ ህትመቱ በአንድ በኩል ይሳሳል። የጣውላውን ገጽ በ120፣ ቀጥሎ በ240 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱ።

ከዚያ ጣውላውን በሙሉ ጥቁር ይቀቡትና ሲደርቅ በነጭ እርሳስ ይሳሉበት። ነጩ ይቆረጣል፣ ጥቁሩ ይታተማል። ወደ ግራ የሚያይ ፊት ወረቀቱ ላይ ወደ ቀኝ ያያል፤ ጽሑፍ ካለም በመስታወት እንደሚታየው ግራ ቀኙ ተገልብጦ ይጻፍ።

ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ ሳይወስኑ መሮ አያንሱ። ለጉንጩ ከጉንጭ አጥንት ወደ መንጋጋ የሚታጠፉ አምስት ስድስት ጎን ለጎን መስመሮች ይበቃሉ። አፉ በቪ ቅርጽ የሾለውን መሮ በብርሃኑ በኩል ጫን አድርገው ይጀምሩ፤ ወደ ጥላው ሲቃረቡ እጅዎን ቀስ በቀስ ያቅልሉ። መስመሩ እየቀጠነ ጥቁሩ ውስጥ ይጠፋል፤ ጉንጩን የሚያጎላው ይህ ነው። በጥላው በኩል ያለውን የአፍንጫ ጎን ፈጽሞ አይንኩት። ፊቱን ዙሪያውን በነጭ መስመር መክበብ የተለመደ ስህተት ነው፤ ፊቱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል።

የቀጭን መስመር ጥልቀት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። በሁለት ቁርጦች መካከል የሚቀረው ጥቁር ከሥሩ ሰፊ፣ ከላይ ጠባብ መሆን አለበት። መሮው ወደ ውስጥ ካዘነበለ ሥሩ ይበላና ሲታተም ይሰበራል። በእንጨቱ ጭረት አቋራጭ ሲቆርጡ ጠርዙ የሚፈነጠር ከሆነ መሮው ደንዟል ማለት ነው፤ ይሳሉት። ሌላው እጅዎ ሁልጊዜ ከስለቱ በስተኋላ ይሁን።

የህትመት ቀለሙን በመስታወት ላይ በሮለር ስስ አድርገው ይዘርጉ። ሮለሩ ሲንከባለል ቀጭን የመላቀቅ ድምፅ ካሰማ ልክ ነው፤ ድምፁ ከረጠበ ቀለሙ በዝቷል፣ ቀጫጭን ነጮቹም ይደፈናሉ። ቀለሙን በሮለሩ ጣውላው ላይ ካስተላለፉ በኋላ ስስ ወረቀት አልብሰው በማንኪያ ጀርባ ከመሃል ወደ ጠርዝ ይሹ፤ አንዱን ጥግ ገልጠው ሳይመለከቱ ወረቀቱን አያንሱ።

የመጀመሪያውን ሙከራ ካሰቡት ነጭ ገና ሲሶው ሳይቆረጥ ያትሙ። ብዙ ጊዜ ፊቱ ያኔውኑ ተጠናቋል፤ አንዴ የተቆረጠ ጥቁር ደግሞ አይመለስም።