ኬሞ የሚወስድ ሰው ሲያተኩሰው ምን ይደረጋል፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ አስታማሚዎች

ኬሞ፣ ማለትም የካንሰር መድኃኒት፣ የወሰደ ሰው ሌሊት ላይ ሰውነቱ ሲግል ቤተሰብ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ፓራሲታሞል ይሰጠዋል፣ ብርድ ልብስ ይደረብለታል፣ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅለታል፣ ከዚያ እስኪነጋ ይጠበቃል። ጤነኛ ሰው ይህን ብዙ ጊዜ ይቋቋመዋል። ኬሞው ነጭ የደም ሴሉን ያሳነሰበት ሰው ግን እስኪነጋ መቆየት የለበትም። ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ከገባ በጥቂት ሰዓታት የደም ግፊቱ ሊወርድና ኩላሊቱ ሊደክም ይችላል።

የሚያሳስተው ነገር ሕመሙ አለመታየቱ ነው። ቁስል ሲያመረቅዝ የምናየው መግል በአብዛኛው የሞቱ ኒውትሮፊሎች ክምችት ነው፤ ኒውትሮፊል ማለት ባክቴሪያን ቀድሞ የሚዋጋው ነጭ የደም ሴል ነው። እሱ ከሌለ መግል አይኖርም፤ እብጠቱም መቅላቱም ይደበዝዛል። መርፌ የተሰካበት ቦታ በስሱ ቀልቶ ሲነካ ከማመሙ በቀር ምንም ላያሳይ ይችላል። ባክቴሪያ ሳንባው ውስጥ ገብቶም ራጁ መጀመሪያ ላይ ንጹሕ ሊመስል ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚቀረው ምልክት ትኩሳት ብቻ ስለሆነ እሱን ሳይለኩ በመድኃኒት ማጥፋት አደገኛ ነው።

ቁጥሩን ከሲቢሲው ወረቀት አውጡ

ሲቢሲ የደም ሴሎች ቆጠራ ነው። እሱ ላይ ያለው ጠቅላላው የነጭ ሴል ቁጥር ብቻውን በቂ አይደለም። ወረቀቱ ላይ ኒውትሮፊል ወይም ግራኑሎሳይት የሚለውን መቶኛ ፈልጉና በጠቅላላው ቁጥር አባዙት። ነጭ ሴሉ 1.8 ከተባለ 1,800 ማለት ነው፤ ኒውትሮፊሉ 22 በመቶ ከሆነ 1,800 በ0.22 ሲባዛ 396 ይመጣል። ከ1,500 በላይ ደህና ነው፤ ከ1,000 በታች ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ከ500 በታች ማንኛውም ትኩሳት ድንገተኛ ሕመም ነው። በዚህ ስሌት 396 የመጣለት ሰው ጠቅላላ ቁጥሩ 1,800 መሆኑ ሊያዘናጋን አይገባም።

ቁጥሩ ኬሞው በተሰጠ ማግስት አይወርድም። በአብዛኞቹ ኬሞዎች ዝቅ የሚለው ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ ነው። መድኃኒቱ ጥቅምት 3 ከተሰጠ ከጥቅምት 10 እስከ 17 ያሉትን ቀኖች ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ካላንደር አክብቡ። በእነዚያ ቀኖች ታማሚው ብቻውን አይደር።

ልኬቱ

በእጅ ግንባር መንካት ልኬት አይደለም። ቴርሞሜትር ግዙ፤ ለታማሚው ብቻ ይሁን። በቀን ሁለት ጊዜ፣ ደግሞም ብርድ ብርድ ባለው ቁጥር ለኩ። በብብት ስትለኩ ላቡን አድርቁና ክንዱን አስጠግቶ ይያዝ፤ ዲጂታሉ እስኪጮህ፣ የሜርኩሪው ደግሞ ከ35 በታች ከተራገፈ በኋላ 5 ደቂቃ ይቆይ። በአፍ ከሆነ ቡና ወይም ሻይ ከጠጣ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ። በፊንጢጣ ፈጽሞ አትለኩ፤ በፊንጢጣ የሚገባ መድኃኒትም አትስጡ፤ ትንሽ ጭረት ለአንጀት ባክቴሪያ በር ትከፍታለች።

በአፍ 38.3 አንድ ጊዜ ከታየ ወይም 38.0 ለአንድ ሰዓት ከቆየ ትኩሳት ነው። ብብት ከአፍ ግማሽ ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሎ ስለሚያነብ በብብት 37.5 ካያችሁ ለሚከታተለው ክፍል ደውሉና ከግማሽ ሰዓት በኋላ ድገሙ፤ 38 ካያችሁ ሳትደግሙ ወደ ሆስፒታል ተነሱ። ፕሬድኒሶሎን ወይም ዴክሳሜታሶን የሚወስድ ሰው ባክቴሪያ ደሙ ውስጥ ገብቶም ላያተኩሰው ይችላል። ከ36 በታች መውረድ፣ መንቀጥቀጥ፣ መቀባዠር፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ ሽንት መቀነስ ካለ ቴርሞሜትሩ ምንም ቢል ሂዱ።

ፓራሲታሞል የሚሰጠው ከተለካና ልኬቱ ከነሰዓቱ ከተጻፈ በኋላ ነው፤ ለመንገድ ማስታገሻ እንጂ ቤት ለመቆያ አይሁን። አይቡፕሮፌን፣ ዳይክሎፌናክና አስፕሪን አይሰጡ፤ ኬሞ ደም የሚያረጋውን ፕሌትሌትንም ስለሚያወርድ ደም ያስፈስሳሉ።

መንገዱ

ከኮምቦልቻ ደሴ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን የሐረጎ ጠመዝማዛና የክረምቱ ጉም ሌሊት ላይ ጊዜ ይበላሉ። መኪና ካለው ጎረቤት ወይም ከምታምኑት ሾፌር ጋር ገና ኬሞው ሲጀመር ተነጋገሩ፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ስልክ 907 ነው። ታማሚው በጣም ከደከመ ወይም ግፊቱ ከወረደ ቅርብ ባለው ሆስፒታል የመጀመሪያው አንቲባዮቲክና የደም ሥር ፈሳሽ ተሰጥቶት ሪፈር ይባል።

አንድ ፌስታል ሁልጊዜ ተዘጋጅቶ ይቀመጥ፦ የኬሞ ካርዱ፣ የመጨረሻው ሲቢሲ፣ የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ካርቶን፣ የትኩሳት መዝገቡ። ድንገተኛ ክፍል ስትደርሱ ወረፋ ሳትይዙ ለተቀባዩ ነርስ ይህን ተናገሩ፦ «ኬሞ ላይ ነው፣ የመጨረሻው የተሰጠው በዚህ ቀን ነው፣ ትኩሳቱ 38.4 ነው፣ ነጭ የደም ሴሉ አንሶ ሊሆን ይችላል።» ብዙ ሕመምተኛ ባለበት ክፍል ቆሞ የሚራመድ ታማሚ ቀላል መስሎ ወደ ኋላ ሊባል ይችላልና አትፈሩ፣ በትሕትና ድገሙት።

ዓላማው የመጀመሪያው የደም ሥር አንቲባዮቲክ በደረሰ በ60 ደቂቃ ውስጥ እንዲሰጠው ነው። ከተቻለ ቀድሞ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያው በላቦራቶሪ እንዲለይ፣ ደም ይወሰዳል፤ ሲቢሲ፣ የኩላሊት ምርመራና ራጅ ይከተላሉ፤ መድኃኒቱ ግን ውጤት አይጠብቅም። ለዚህ ሕመም የሚመረጡት እንደ ሴፌፒም፣ ሴፍታዚዲም ወይም ፒፐራሲሊን ታዞባክታም ያሉት ናቸው። በየቦታው የሚገኘው ሴፍትሪያክሶን ሲውዶሞናስ የተባለውን ኃይለኛ ባክቴሪያ አይሸፍንም፤ ሌላ ከሌለ ግን ከመጠበቅ እሱ ይሻላል። አደጋው ዝቅተኛ ለሆነ ታማሚ ሐኪሙ የሚዋጥ ሊያዝ ይችላል፤ ያ ውሳኔ ግን ከምርመራ በኋላ እንጂ ፋርማሲ መስኮት ላይ አይወሰንም።

በእኛ አካባቢ ብዙ ሰው የሚዘገየው እዚህ ላይ ነው። ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ ደም ይሰጣል፣ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ክኒን ይዞ ይመለሳል። ያ የደም ምርመራ ቀድሞ በነበረ ሕመምም ሊያሳይ ይችላል። ከኮምቦልቻና ከዚያ ወዲያ ካለው ቆላ ለሚመጣ ሰው የወባ ምርመራ ግዴታ ነው፤ ወባ መገኘቱ ግን የባክቴሪያውን ሕክምና አያስቀርም፣ ሁለቱም አብረው ሊኖሩ ይችላሉና።

ቫይረስ ከሆነስ?

አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። ሆኖም በር ላይ ቫይረሱን ከባክቴሪያው በዓይን መለየት አይቻልም፤ ቶሎ የሚገድለውም ባክቴሪያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እሱ ይሸፈናል፣ ቫይረሱም ጎን ለጎን ይፈለጋል። አስታማሚ ሊያውቃቸው የሚገቡ አሉ።

ከንፈር ላይ ምች ብለን የምንጠራው ውሃ የቋጠረ ቁስል በአብዛኛው ኸርፒስ ነው። ነጭ የደም ሴሉ ባነሰ ሰው አፍና ጉሮሮ ውስጥ ተስፋፍቶ መዋጥ ይከለክላል፤ መድኃኒቱ አሲክሎቪር ነው። ጥሬ የዳማከሴ ጭማቂ በአፍንጫና በአፍ መስጠት ያልበሰለ ቅጠል ላይ ያለውን ጀርም ቁስሉ ላይ ማፍሰስ ነውና ይቅር።

አልማዝ ባለጭራ በአንድ ጎን ብቻ እንደ መቀነት ይወጣል፤ ማቃጠሉ ብዙ ጊዜ ከሽፍታው በቀናት ይቀድማል። አሲክሎቪር በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ በሚዋጠው የአዋቂ መጠኑ 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ነው። ዓይን አጠገብ ከወጣ ወይም ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል ከተዛመተ ተኝቶ በደም ሥር ይታከማል፤ ኩላሊቱ እንዳይጎዳም ፈሳሽ በደንብ ይሰጠዋል።

ቤት ውስጥ ልጅ ጉድፍ ወይም ኩፍኝ ከወጣበት ታማሚው ሽፍታ እስኪወጣበት አትጠብቁ፤ በዚያው ቀን ለሐኪሙ ንገሩ። ከንክኪ በኋላ የሚሰጡ መከላከያዎች የቀን ገደብ አላቸው። ኢንፍሉዌንዛ ከተጠረጠረ ኦሰልታሚቪር 75 ሚሊግራም በቀን ሁለት ጊዜ ለ5 ቀን ይሰጣል፤ በመጀመሪያዎቹ 48 ሰዓታት ሲጀመር ይበልጥ ይሠራል።

የማይታየው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ጉበት ውስጥ ተኝቶ የቆየ ቫይረስ በኬሞ ይቀሰቀሳል። ከመጀመሪያው ዙር በፊት መመርመራችሁን አረጋግጡ፤ ከተገኘ ቴኖፎቪር ወይም ኢንቴካቪር ይታዘዛል፣ ኬሞው ስላለቀ ብቻም አይቋረጥም።

ታማሚው ራሱ ሕያው ክትባት፣ ማለትም ከተዳከመ ግን ካልሞተ ጀርም የተሠራ፣ አይወስድም። የቤቱ ልጆች ግን የኩፍኝ ክትባት ይውሰዱ፣ ለእሱም ከለላ ነው። ሕፃን የአፍ ፖሊዮ ጠብታ ከወሰደ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ታማሚው ዳይፐሩን አይቀይር።

ቤት ውስጥ

ትልቁ መከላከያ የአስታማሚው የታጠበ እጅ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ክዳንና ቧንቧ ያለው ጀሪካን ከሳሙና ጋር በር ላይ አስቀምጡ። የሚጠጣው ውሃ ይፍላ። ጥሬ ሥጋ፣ ለብ ለብ ክትፎ፣ ያልፈላ ወተትና ከእሱ የተሠራ አይብ፣ ያልታጠበ ጫት ይቅሩ። በእንጨት መፋቂያ ፈንታ ለስላሳ ብሩሽ ይጠቀም፤ አንድ ሊትር ፍል ውሃ አቀዝቅዛችሁ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩበትና በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይጉመጥመጥ።

ጠያቂን መመለስ ይከብዳል። «እማማ፣ ሐኪሙ ከልክሎን ነው፣ ከበር ሆነው ይመርቁልን» በሉ። የወሎ ምርቃት ከደጅም ይደርሳል፤ የጉንጭ ሰላምታውና ሳሉ ነው የሚቀረው።

ከሆስፒታል ሲወጣ ትኩሳት እንደነበረው በኬሞ ካርዱ ላይ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው ዙር ሐኪሙ መጠኑን ሊቀንስ ወይም ነጭ የደም ሴልን የሚያበዛውን ፊልግራስቲም ሊጨምር ይችላል። ይህ መርፌ ኬሞው ካለቀ 24 ሰዓት ሳይሞላ አይሰጥም። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቀመጥ ስላለበት ከደሴ ኮምቦልቻ ስትወስዱት በረዶ ባለው ሳጥን ያዙት፤ በረዶው በቀጥታ እንዳይነካው በጨርቅ ጠቅልሉት፣ ወደ በረዶነት ከተለወጠ ይበላሻልና።