ተማሪ ይዞ ዓባይ በረሃ ማደር

የኢትዮጵያን የመሬት አፈጣጠር ስናስተምር ባሕር ከደቡብ ምሥራቅ መጣ፣ ቆየ፣ ተመልሶ ሄደ እንላለን። ልጆቹም ለፈተና ይሸመድዱታል። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ይህን በቃል ብቻ ማስተማር በጣም ያሳዝነኛል። ያ ባሕር ትቶት የሄደው ድንጋይ ሰባ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ከደጀን ቁልቁል ተደራርቦ ይታያልና። ስለዚህ የጂኦግራፊ መምህር ከሆናችሁ ልጆቹን ይዛችሁ ውረዱ። ግን ደርሶ መልስ አይሁን፤ እደሩ። ተማሪ ቀን ያየውን ማታ ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ነው ምን እንዳላየ የሚያውቀው፤ ጠዋት ሄዶ ሊያየው የሚችለው ደግሞ እዚያው ካደረ ነው። ሁለት ሌሊት ይበቃል።

ለጉዞው የሚመቸው የመጀመሪያው መንፈቀ ዓመት ፈተና ሲያልቅ ያለው ዕረፍት ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ልጆቹ ለአጨዳና ለውቂያ ይፈለጋሉ። ሚያዝያ ላይ በረሃው አያስቆምም። ክረምት ደግሞ ጨርሶ አይታሰብ፤ መሬቱ ይንሸራተታል፣ ሣሩም ድንጋዩን ይሸፍነዋል። ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት መንገዱ ሰላም መሆኑን ከወረዳውና ከፖሊስ ጠይቁ፤ ጥርጣሬ ካለ ለሌላ ጊዜ ይተላለፍ።

የወላጅ ፈቃድ ጊዜ ይወስዳል። ብዙዎቹ ልጆች ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው፤ ወላጅ የሚገኘው ለገበያ ሲመጣ ወይም ስንቅ ሲያደርስ ነው። ደብዳቤው ከጉዞው ወር ቀደም ብሎ ይሰጥ። የሴት ልጅ እናት መጀመሪያ የምትጠይቀው "የት ነው የምታድረው?" ብላ ነው፤ ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ደብዳቤው ላይ ጻፉት፦ ሴቶቹ ለብቻቸው ክፍል፣ አብራቸው የምታድር መምህርት፣ ቁልፉም በእሷ እጅ። ሴት መምህር ሳይገኝ አትነሡ።

ለማደሪያ ደጀን ካለ ትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ለምኑ፣ ዴስኩን ወደ ጥግ ግፉ፣ ፍራሽ ወይም ሰሌን አንጥፉ። ደጀን ማታ ይበርዳል፤ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ ያላመጣ አይሳፈር። ምግቡ ሽሮና ዳቦ ቢሆን የጾመኛውም ነገር አብሮ ይቃለላል። ለበረሃው በሶና ቆሎ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ ሦስት ሊትር ውኃ ያዙ። ስንቅ ከመኪና ውጪ አታስቀምጡ፤ ዝንጀሮ አለ።

ዕቃው ብዙ ወጪ የለውም። ለአምስት ልጅ አንድ የግንበኛ መዶሻ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ አንድ ማጉያ ሌንስ፣ ሚስማር፣ ፌስታል፣ ማርከር፣ ባለ ካሬ ወረቀት። ከቤተ ሙከራ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ካገኛችሁ ወደ 10 በመቶ አቅጥኑት፤ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመር እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመር። ከሌለም ኮምጣጤ ይሠራል፦ ድንጋዩን በሚስማር ፍቃችሁ ዱቄቱ ላይ ጠብ አድርጉ፤ ኖራ ድንጋይ ከሆነ አረፋ ያወጣል።

በመጀመሪያው ቀን ከሰዓት ከደጀን ወጣ ብሎ ካለው አፋፍ ላይ አስቀምጧቸውና ማዶውን ይንደፉት። የድንጋይ ስም አትንገሯቸው። የት ገደል እንደሆነ፣ የት ደግሞ እንደሚያዘቀዝቅ ብቻ ይሳሉ። ጠንካራው ድንጋይ ገደል ሆኖ ይቆማል፣ ለስላሳው ይናዳል። ይህን ራሳቸው ከደረሱበት የቀረው ይቀላል።

በሁለተኛው ቀን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡና በመኪና እስከ ታች ውረዱ። ሥራው የሚጀመረው ከታች ነው፤ ቀድሞ የተቀመጠው ከሥር ነውና ሽቅብ መውጣት ማለት ከጥንቱ ወደ ቅርቡ መምጣት ነው። ደጀን ወደ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ የዓባይ ድልድይ ግን 1,000 ሜትር አካባቢ። ድልድዩ ይጠበቃል፤ ፎቶ አይነሣ። መንገዱ ላይ ከባድ መኪና ስለሚበዛ የምትቆሙት ሰፋ ባለ ቦታ ብቻ ይሁን፣ ልጆቹም በአንድ ረድፍ ይሂዱ።

በየማቆሚያው ከፍታውን ከስልክ ያንብቡ፤ ቀለሙን፣ የቅንጣቱን መጠን፣ ጥፍር ይቧጭረው እንደሆነ፣ ኮምጣጤ ያስፈላው እንደሆነ ይጻፉ። ከታች የሚገኘው ቀላ ያለው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። ከዚያ በላይ ጀሶና ሼል፣ ማለትም ከጭቃ የተሠራ ስስ ድርብርብ ድንጋይ፣ ይመጣል። እዚህ አትቸኩሉ። ነጩን ድንጋይ በጥፍር ሲቧጭሩት ዱቄቱ ጥፍራቸው ውስጥ ይገባል፤ ግድግዳ የሚለሰንበት ጀሶ መሆኑን ሲያውቁ ያኔ ጥያቄ ይጀምራል። አንዲት ልጅ "ቲቸር፣ ባሕር ከነበረ ጨውስ የት ሄደ?" አለችኝ። ከዚህ የተሻለ ጥያቄ ከተማሪ ሰምቼ አላውቅም። የባሕር ውኃ ሲተን ጀሶው ቀድሞ ይቀመጣል፤ ጨው የሚቀመጠው ውኃው ወደ አንድ አሥረኛው ሲወርድ ነው። ስለዚህ ጀሶ ኖሮ ጨው ከሌለ፣ ባሕሩ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አዲስ ውኃ ይገባለት ነበር ብሎ ማሰብ ይቻላል። መልሱን ወዲያው አትስጡ፤ ለማታ አቆዩት።

ከጀሶው በላይ የአንታሎ ኖራ ድንጋይ ነው፤ ባሕሩ የጠለቀበት ዘመን። የዛጎል ቅሪተ አካል ፈልጉ። ከአለቱ ፈልፍሎ ማውጣት ይከልከል፤ ወድቆ የተገኘው ይበቃል። እሱን አልፎ እንደገና አሸዋ ድንጋይ ይመጣል፣ ባሕሩ ሸሽቷል። ከላይ የሚደፍነው ጥቁር ድንጋይ፣ ባዛልቱ፣ ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ነው። ባዛልቱ ከሥሩ ካለው አሸዋ ድንጋይ ጋር የሚገናኝበትን መስመር ፈልጋችሁ እጃቸውን ያስቀምጡበት። በዚያ መስመር ላይ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዓመት ጎድሏል፤ ወይ ምንም አልተቀመጠም፣ ወይ የተቀመጠው ተሸርሽሯል።

ልጆችን ሁሉ የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። ባዛልቱ ከአናት እየተፈነቀለ እስከ ወንዙ ድረስ ይንከባለላል። ታች ያገኙትን ጥቁር ድንጋይ "እዚህ ያለው ባዛልት ነው" ብለው ይመዘግቡታል። ስለዚህ ከመመዝገባቸው በፊት ይጠይቁ፦ ይህ ድንጋይ ከተራራው ጋር ተያይዟል? ንብርብሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይቀጥላል? ካልቀጠለ ተንከባሎ የመጣ ነው። ተንሸራትቶ የወረደ መሬትም እንዲሁ ያታልላል፤ መንገዱ የተሰነጠቀበትና ንብርብሩ ያዘነበለበት ቦታ ልኬት አትውሰዱ።

ማታ ከእራት በኋላ ንብርብሮቹ ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል፣ አንድ ሴንቲ ሜትር 50 ሜትር ተብሎ ይሳሉ። ከድልድዩ እስከ ደጀን ያለው 1,400 ሜትር 28 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፣ አንድ ገጽ ላይ ይገባል። ንብርብሮቹ ተዘርግተው የተኙ ስለሆኑ የከፍታው ልዩነት ለውፍረታቸው ይቀርባል። የእያንዳንዱ ቡድን ሥዕል ጎን ለጎን ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። አንዱ ጀሶውን 1,300 ላይ አድርጎ ሌላው 1,450 ካለ ክርክር ይነሣል። አታስታርቋቸው። ማን ትክክል እንደሆነ ብታውቁም ዝም በሉ፤ የሦስተኛው ቀን ጠዋት ለዚያ ነው። የተከራከሩበት ቦታ ብቻ ውረዱ፣ እንደገና ይለኩ፣ ሥዕሉን ያርሙ።

ከመመለሳችሁ በፊት በየፌስታሉ ላይ ከፍታውና ቀኑ መጻፉን ተመልከቱ፤ ያልተጻፈበት ናሙና ይጣል። ከእያንዳንዱ ንብርብር አንድ አንድ ድንጋይና የታረመውን ሥዕል ቅጂ ላሳደራችሁ ትምህርት ቤት ስጡ፤ የእነሱም ልጆች ይማሩበት።