ውሃ የሚጠጣ ሞተር፦ የድሮ ሬኖ 5 የውድድር መኪናዎች ችግርና መፍትሄ

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 ለገበያ የቀረበችው ሬኖ 5 ብዙም ሳትቆይ የራሷ ውድድር ተዘጋጀላት። ሁሉም ተወዳዳሪ የሚነዳው አንድ ዓይነት መኪና ስለነበር ተጨማሪ ጉልበት በገንዘብ መግዛት አይቻልም። ስለዚህ ትንሿን ሞተር ከመነሻ እስከ መድረሻ ሳያሳርፉ ይጋልቧታል። ዛሬ ለድሮ መኪናዎች ውድድር ተጠግነው የሚመጡትም ያንኑ ቁስል ይዘው ነው።

በግራ በኩል በፊትና በኋላ ጎማ መካከል ያለው ርቀት ከቀኙ ጋር እኩል አይደለም፦ ብልሽት አይደለም። የኋላ ቶርሽን ባሮቹ (እየተጠመዘዙ እንደ ሞላ የሚያገለግሉት ብረቶች) አንዱ ከሌላው ጀርባ ስለተጋደሙ 3 ሴንቲ ሜትር ያህል ልዩነት ከፋብሪካ ይዛ ትወጣለች። «ተጋጭታ ነበር» ብሎ አካሏን በሰንሰለት ለሚስብ ሰው መፍትሄ የለኝም።

መታጠፊያ ላይ ሞተሩ ይቆራረጣል፦ ካርቡራተሩ (ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለው ክፍል) ውስጥ ያለው ቤንዚን ወደ አንድ ጎን እየሸሸ ነው። የቤንዚኑን ከፍታ የሚቆጣጠረውን የተንሳፋፊውን ልክ አስተካክሉ።

መታጠፊያ ላይ የዘይት መብራት ብልጭ ይላል፦ ዘይቱን እስከ ላይኛው ምልክት ሙሉ። ከዚያም በኋላ ከበራ መንዳት አቁሙ።

ውሃ ይጠፋል፦ ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሰላም ናቸው፤ ወደ መጨረሻው የሙቀት መርፌው ይወጣል፤ በማግስቱ ራዲያተሩ ጎድሎ ይገኛል። ዘይቱን ስትስቡት የማኪያቶ ቀለም አለው። (በዘይት ክዳኑ ሥር ብቻ የሚታይ ነጭ አረፋ ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በብርድ አጭር መንገድ የሚነዳ መኪናም ያወጣዋል።)

ሁሉም ሰው ወዲያው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ይከሳል፤ ማለትም በሞተሩ ራስ (ቴስታታ) እና በብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) መካከል ያለውን ማሸጊያ። አንድ ደንበኛ ጓርኒሲዮኑን ደጋግሞ አስቀይሮ፣ ቴስታታውንም በየጊዜው አስልጦ መጣ። ቴስታታው ምንም አልነበረበትም። የዚህ ሞተር አራት ሊነሮች (ፒስተኖቹ የሚመላለሱባቸው ቱቦዎች) ከብሎኩ ተነቅለው የሚወጡ ናቸው፤ ዙሪያቸውን ውሃ ይከባቸዋል፤ ከታች ከዘይቱ የሚለያቸው አንድ ስስ ቀለበት ብቻ ነው። ያረጀውና ያፈሰሰው እርሱ ነበር።

ለመለየት፦ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የዘይት መያዣውን ከታች አውርዱ፤ በእጅ ፓምፕ የውሃው መስመር ውስጥ ግፊት ሙሉ፤ የራዲያተር ክዳኑ ከሚችለው ግፊት ግን አትለፉ። በመብራት ወደ ላይ እዩ። ከሊነሩ ግርጌ ጠብታ ከወረደ ጥፋተኛው ቀለበቱ ነው። ግርጌው ደረቅ ሆኖ፣ ሞተሩ ሲሠራ የውሃ ጠርሙሱ አረፋ ከተፋ ግን ጓርኒሲዮኑ ነው።

አሁን ማስጠንቀቂያዎቹ። ቴስታታውን ቀጥታ ወደ ላይ አታንሱ፤ ተጣብቀው ሊነሮቹም አብረው ይነሳሉ። ቡሎኖቹ ሁሉ ከወጡ በኋላ ጎኑን በእንጨት መዶሻ እየመታችሁ ወደ ጎን አላቁት። የምትቀይሩት ጓርኒሲዮን ብቻ ከሆነ ሊነሮቹን ወዲያው በቡሎንና በሰፊ ሮንዴላ (ከቡሎን ራስ ሥር የሚገባ ክብ ብረት) እሰሩ። ሳታስሩ ሞተሩን አታዙሩ! አንድ ተወዳዳሪ የፒስተኖቹን ጥላሸት ለመፋቅ ብሎ አዞረው፤ ሊነሮቹ ተነሱ፤ ጥላሸቱ ከሥር ገባ። ጓርኒሲዮን ሊቀይር ጀምሮ ሙሉ ሞተር አስፈታ።

ሲገጠም ሊነሩ የሚቀመጥበትን ቦታ ሳትጭሩ አጽዱ። የፋብሪካው ቀለበቶች በውፍረት ይለያያሉ፦ ሰማያዊው 0.08፣ ቀዩ 0.10፣ አረንጓዴው 0.12 ሚሊ ሜትር ነው። በሰማያዊው ጀምሩ፤ ሊነሩ ከብሎኩ አፍ ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለክታችሁ ከሞተራችሁ መመሪያ ጋር አመሳክሩ፤ ካነሰ ወደ ወፍራሙ ሂዱ። ከፍታው የተለያየ ከሆነ ቴስታታው ሁሉንም እኩል አይጨብጥም። ቀለም የሌላቸው ርካሽ ቀለበቶች ውፍረታቸው ከአንዱ ጥቅል ውስጥ እንኳ ስለማይመሳሰል በነፃ ቢሰጧችሁም አትውሰዱ። በቀለበት ፋንታ ሲሊኮን የቀባችሁ ደግሞ ሞተራችሁን ወደ እኔ አታምጡ።

ውሃው የቧንቧ ብቻ አይሁን፤ ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ ካልተቀላቀለበት የሊነሩን መቀመጫ ይበላዋል። ሞተሩን አሙቁ፣ ፈጽሞ ይቀዝቅዝ፣ የቴስታታ ቡሎኖቹን በተራቸው እንደገና አጥብቁ፤ የቫልቮቹን ክፍተት የምታስተካክሉት ከዚያ በኋላ ነው።