ፒሲ እያላችሁ ኮንሶል ስትገዙ የምትሳሳቱት

ኮንሶል፣ ማለትም እንደ ፕሌይስቴሽንና ኤክስቦክስ ያለ የጌም ማጫወቻ፣ ሊገዛ የሚደውልልኝን ሰው መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ብሩ አይደለም። «ፒሲህ ምን ምን ጌም ይከፍታል?» ነው የምለው። ጥሩ ፒሲ ያለው ሰው ኮንሶል የሚገዛው ፒሲው የማይሰጠውን ለማግኘት ነው። ይህን ሳያስቡ ብራቸውን የሚጨርሱ ልጆች ያሳዝኑኛል።

ጠንካራ ፒሲ ላይ ኤክስቦክስ መጨመር

አንድ የሰፈራችን ልጅ ዱባይ ያለች እህቱን ለምኖ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ አስመጣ። ቤቱ ያለው ፒሲ ደግሞ ከኤክስቦክሱ የሚያንስ አይደለም። መጀመሪያ የገዛው ጌም ፎርዛ ሆራይዘን 5 የሚባለው የመኪና ውድድር ነበር። ይህ ጌም እ.ኤ.አ. በ2021 ሲወጣ ለኤክስቦክስም ለፒሲም የወጣው በአንድ ቀን ነው። ስታርፊልድም በ2023 እንደዚሁ። የኤክስቦክስ ባለቤት ማይክሮሶፍት የራሱን ጌሞች ለሁለቱም እኩል ማውጣት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። በየወሩ እየተከፈለ ብዙ ጌም የሚያጫውተው ጌም ፓስም ቢሆን ፒሲ ላይ አለ። ፎርዛ ሆራይዘን 5 በ2025 ጭራሽ ለሶኒው ፕሌይስቴሽን 5 (ፒኤስ5)ም ወጥቷል! እህትየው ለፍታ የላከችው ብር ሄዶ ልጁ ፒሲው ላይ የማያገኘው አንድም ጌም እጁ አልገባም። እባካችሁ፣ ከመግዛታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ጌም ስም ጻፉና ፒሲ ላይ መኖሩን እዩ። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ፒሲያችሁ ለቢሮ ሥራ የተገዛ አሮጌ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ያኔ ረከስ የሚለው ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ጥሩ ምርጫ ነው።

ሲዲ የማይገባበትን ፒኤስ5 መግዛት

ይህን እኔም ተሳስቻለሁ። ዋጋው ስለቀነሰልኝ ዲጂታሉን ገዛሁ። ከዚያ 100 ጊጋ የሚጠጋ ጌም ለማውረድ ሌሊቱን ሙሉ ኢንተርኔት ስጠብቅ አደርኩ። ጓደኞቼ ግን ሲዲ ይዋዋሱ ነበር። ጨርሰው ይሸጡታል፣ በሌላ ይቀይሩታል። የፒኤስ4 ሲዲዎቻቸውም እዚያው ላይ ይሠራሉ። ፒሲ ላይ ገዝታችሁ የጨረሳችሁትን ጌም መልሳችሁ መሸጥ አትችሉም። ስለዚህ ኮንሶሉ የሚጨምርላችሁ ትልቁ ነገር ሲዲው ነው።

ስሊም የሚባለው ቀጠን ያለው ፒኤስ5 ላይ የሲዲ ማጫወቻው ለብቻው ተገዝቶ ይገጠማል። መጀመሪያ ሲገጠም ግን ኢንተርኔት ይፈልጋል።

ለአንድ የሶኒ ጌም ብሎ መቸኮል

ጎድ ኦፍ ዋር ራግናሮክ ለፕሌይስቴሽን የወጣው በ2022 መጨረሻ ነው፤ ለፒሲ በመስከረም 2024። ሁለት ዓመት ገደማ መታገሥ የሚችል ሰው ለዚያ ጌም ብሎ ኮንሶል መግዛት አላስፈለገውም።

አካውንቱን ዝም ብሎ መክፈት

ኢትዮጵያ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ (ጌም የሚገዛበትና ኦንላይን የሚገባበት የሶኒ አገልግሎት) አገሮች ዝርዝር ውስጥ የለችም። ብዙ ሰው የሌላ አገር አካውንት ይከፍታል። አንዴ የመረጣችሁት አገር አይቀየርም። የስጦታ ካርዱም ከዚያው አገር መሆን አለበት። አካውንቱ የአሜሪካ ሆኖ ካርዱ ከእንግሊዝ ቢላክላችሁ አይሠራም።

የኦንላይን ክፍያውን መርሳት

ፒሲ ላይ ኦንላይን ለመጫወት ወርሃዊ ክፍያ ስላልለመዳችሁ ይረሳል። ኮንሶል ላይ እንደ ፎርትናይት ካሉ ነፃ ጌሞች በቀር ትከፍላላችሁ።

ስዊችን የልጆች ነው ብሎ መናቅ

ለፒሲ ባለቤት እኔ ቶሎ የምመክረው በእጅ ተይዞም ቴሌቪዥን ላይ ተሰክቶም የሚሠራውን የኒንቴንዶ ኮንሶል፣ ስዊችን ነው። ኒንቴንዶ ዋና ዋናዎቹን ማሪዮና ዜልዳ ለፒሲ አያወጣም። ብትጠብቁም አይመጡም። ለኳስ ብላችሁ ግን አትግዙት፤ ከፊፋ 20 እስከ 23 ስዊች ላይ የወጡት ተጫዋቾቹና ማሊያው የተቀየረላቸው አሮጌ ጌም ናቸው።

ደግሞ መብራቱን አስቡት። መብራት ሲሄድ ፒሲውም ፒኤስ5ቱም ድርግም ይላሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ስዊች በባትሪ ብቻ እንደ ጌሙ ከ4 ሰዓት ተኩል እስከ 9 ሰዓት ይቆያል። ስትገዙ ካርቶኑ ላይ «ላይት» (Lite) የሚል መኖሩን አንብቡ። ላይቱ ቴሌቪዥን ላይ አይሰካም።