ለትንሽ የጨው ውሃ አኳሪየም ሰምፕ አጨማመር

80 ሊትር ለሚይዝ አኳሪየም ከስሩ የሚቀመጥ 40 ሊትር ሰምፕ (ውሃው ወርዶ ተጣርቶ በፓምፕ ወደ ላይ የሚመለስበት ተጨማሪ ገንዳ) ይበቃል። ሰምፑን በመስታወት ለሦስት ይክፈሉት፦ ውሃ የሚወርድበት ክፍል ለስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ ከውሃው ለሚለየው መሣሪያ)፣ መካከለኛው ለድንጋይና ለአልጌ፣ የመጨረሻው ለመመለሻ ፓምፑ። ማጣበቂያው የአኳሪየም ሲሊኮን ይሁን፤ ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠው ብዙውን ጊዜ ሻጋታ መከላከያ ስላለበት ዓሣ ይመርዛል።

መውረጃው በአኳሪየሙ የላይኛ ጠርዝ አጠገብ ይበሳል። ቴምፐርድ (በሙቀት የጠነከረ) መስታወት ግን ፈጽሞ አይበሳም፤ ሙሉው ይረግፋል። 25 ሚሊሜትር መውረጃና 16 ሚሊሜትር መመለሻ ቱቦ፣ በሰዓት ከ300 እስከ 400 ሊትር እላይ ድረስ ከሚገፋ ፓምፕ ጋር ይስማማሉ።

ትልቁ ጣጣ መብራት ሲጠፋ ነው። ፓምፑ ሲቆም መመለሻው ውሃውን ወደ ታች መልሶ ይስበዋል፤ የቱቦው አፍ በጠለቀ ቁጥር የሚወርደው ይበዛል፣ ሰምፑም ሞልቶ ወለሉ ላይ ይፈስሳል። አፉን ከውሃው ገጽ 2 ሴንቲሜትር ብቻ ዝቅ ያድርጉት። ቱቦው ላይ አየር ማስገቢያ ቀዳዳ መብሳት ይረዳል፤ ግን አልጌ ስለሚደፍነው ብቻውን አይታመንም። ዓሣ ሳይገባ ፓምፑን ነቅለው ይሞክሩ፦ መውረዱ ሲያበቃ ሰምፑ ከጠርዙ 5 ሴንቲሜትር ሊጎድል ይገባል። ካልጎደለ ውሃ ይቀንሱ፤ ከዚያ ፓምፑ ሲሠራ ያለውን ከፍታ በማርከር ያስምሩ።

ትነቱ የሚታየው በፓምፑ ክፍል ነው። እስከ መስመሩ የሚሞላው ጨው በሌለው ንጹሕ ውሃ ነው፤ ጨው አይተንምና።